በአንድ መደብ ሠርተው በአበል የሚለያዩት፦ የጡረታ ቀመር እና የዘመን ዕድል

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ ተቀጣሪ የሚያገኘውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛውን ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አድርሶታል። በጊዜው የተነሣው ውይይት በአብዛኛው ያተኮረው ጭማሪው የኑሮ ውድነቱን ይቋቋም እንደሆነ ነበር። ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ጉዳይ አለ። ከማሻሻያው በፊት 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ እና ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ የሚሞላው ባልደረባው በአንድ መደብ፣ ለእኩል ዘመን ሠርተው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚከፈላቸው የጡረታ አበል ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሊለያይ ይችላል።

ስለ ትውልዶች ሲወራ ነገሩ ቶሎ ወደ መወቃቀስ ይሄዳል። ወጣቱ «የድሮዎቹን ሥራ ራሱ ይፈልጋቸው ነበር» ይላል፤ አዛውንቱ ደግሞ «የዛሬ ልጅ ሥራ ይመርጣል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሰውን ያያሉ፤ ሥርዓቱን ግን አያዩም። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከሦስት ቀኖች ነው፦ ሰውየው ሥራ ከጀመረበት፣ የጡረታ ሕጉ ከወጣበት እና ከሥራ ከተሰናበተበት ቀን። ከሦስቱ አንዱንም ሠራተኛው አልመረጠም።

አበሉ እንዴት ይሰላል?

የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። ለመከላከያ ሠራዊት እና ለፖሊስ አባላት የአሠሪው ድርሻ 25 በመቶ ይደርሳል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት 35 ዓመት ያገለገለ የሲቪል ሠራተኛ 61.25 በመቶ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ ሁሉንም የሚወስነው «አማካይ ደመወዝ» የሚለው ሐረግ ነው። የሚያዘው የመላው የሥራ ዘመን አማካይ ሳይሆን ከጡረታ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ማለትም የ36 ወራት አማካይ ነው። ቀደም ያሉት 30 እና ከዚያ በላይ ዓመታት መቶኛውን ያሳድጋሉ፤ መቶኛው የሚባዛበትን ብር ግን አይነኩም።

ብዙ ሰው የጡረታ መዋጮን በስሙ ባንክ እንደተቀመጠ ቁጠባ ያስበዋል። «ገንዘቤን አሁኑኑ ስጡኝ» የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይመጣል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሥርዓት «የተወሰነ ጥቅም» የሚባለው ዓይነት ነው። ለሠራተኛው ቃል የተገባለት ያዋጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ሊሰጠው ሳይሆን፣ በቀመር የሚሰላ ወርኃዊ አበል ዕድሜ ልኩን ሊከፈለው ነው። የዛሬው መዋጮ ለዛሬው ባለ ጡረታም ይውላል። በአንጻሩ በአንዳንድ የግል ድርጅቶች የሚታወቀው ፕሮቪደንት ፈንድ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም የሚጠራቀም ገንዘብ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ ከነወለዱ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል።

ሦስት ሠራተኞች፣ አንድ መደብ

ቁጥሩ ሲሠራ ነገሩ በግልጽ ይታያል። በይፋ የተነገሩትን የስኬሉን ከፍተኛ ደመወዞች እንውሰድ። ከጥቅምት 2017 በፊት 20,468 ብር፣ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ 21,492 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 39,000 ብር ነው። ሦስቱም ሠራተኞች 35 ዓመት አገልግለዋል እንበል።

የመጀመሪያው በሰኔ 2016 መጨረሻ ወጣ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት 20,468 ብር ሲከፈለው ከቆየ፣ አበሉ 12,537 ብር ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛዋ በሰኔ 2018 መጨረሻ ትወጣለች። በመጨረሻዎቹ 36 ወራት ውስጥ 15ቱን ወር በ20,468፣ 11ዱን በ21,492፣ 10ሩን ደግሞ በ39,000 ብር ሠርታለች። አማካዩ 25,929 ብር፣ አበሏም 15,881 ብር ገደማ ነው። በሥራ ላይ ሳለች በመጨረሻው ወር የፈረመችበት ደመወዝ 39,000 ብር ስለነበር፣ በሚቀጥለው ወር የሚደርሳት የዚያ 41 በመቶ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈላት ግን 61.25 በመቶ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ልዩነቱን ያመጡት ዋጋቸው ባለፈበት ብር የተቆጠሩት 26 ወራት ናቸው።

ሦስተኛው በመስከረም 2021 ይወጣል። ደመወዙ ከዚያ ወዲያ ባይጨምር እንኳ 36ቱም ወራት በ39,000 ብር ይታሰቡለታል። አበሉ 23,888 ብር ገደማ ይሆናል።

ይህን ወደ ወር ብናወርደው ይበልጥ ይገርማል። በ2018 እና በ2019 በዚህ ደመወዝ ላይ ሆነው ጡረታ የሚወጡ ሰዎች፣ የልደት ቀናቸው በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር አንድ የ20,468 ብር ወር ከአማካዩ ወጥቶ አንድ የ39,000 ብር ወር ይገባል። ይህ በወር ወደ 315 ብር የሚጠጋ ቋሚ የአበል ልዩነት ያመጣል። በጥር የተወለደ እና በየካቲት የተወለደ ሰው በዚህ ይለያያሉ።

በዝቅተኛው መደብ ላይ ያለው ልዩነት በብር ሲቆጠር ትንሽ ቢመስልም በመቶኛ የባሰ ነው። በጥቅምት 2017 ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። 35 ዓመት በጥበቃ ወይም በጽዳት ያገለገለ፣ የመጨረሻ ደመወዙም 1,500 ብር የነበረ ሰው ከዚያ በፊት ቢወጣ፣ የአበል ወለል ባይቀመጥለት ኖሮ ቀመሩ ብቻውን 919 ብር ገደማ ነበር የሚሰጠው። በ6,000 ብር ለሦስት ዓመት ሠርቶ የሚወጣው ተተኪው ግን 3,675 ብር ያገኛል።

ልዩነቱ በሠራተኛው ሞትም አያበቃም። ሟች ትተውት የሚሄዱት የተተኪዎች ጡረታ የሚሰላው ከዚያው አበል ላይ ነው፤ ለባል ወይም ለሚስት 50 በመቶ፣ ለልጅ 20 በመቶ። የ36ቱ ወራት ዕድል ወይም ዕጦት ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል።

ከወጡ በኋላ የሚመጣው ዋጋ

አበሉ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ከዋጋ ግሽበት ጋር በራሱ እየተሰላ በየዓመቱ የሚያድግበት ሥርዓት የለም። የሚስተካከለው በመንግሥት ውሳኔ፣ በየተወሰነ ዘመን ነው። ግሽበቱ ዝቅተኛ በሆነበት ጊዜ ይህ ብዙም አይሰማም። በ2014 እንደታየው የዓመቱ ግሽበት ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን ሁለት ዓመት የዘገየ ማስተካከያ የአበሉን የመግዛት አቅም ሲሶ እና ከዚያ በላይ ያሳጣዋል።

ሰኔ 30 ቀን 2016 የወጣውን የመጀመሪያውን ሠራተኛ እንደገና እንመልከት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። መድኃኒት እና ዘይት በውጭ ምንዛሪ ይገባሉ፤ የባለ ጡረታ ወጪ ደግሞ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ወደ መድኃኒት ያጋድላል። በሥራ ላይ ያለው ሰው በጥቅምት 2017 እና በመስከረም 2018 ሁለት ጊዜ ስኬል ተስተካክሎለታል። ቀድሞ የወጣው ግን አበሉ በአሮጌው ብር ተሰፍሮ፣ ዋጋውን በአዲሱ ብር ይከፍላል።

በ2003 የተሠመረው መስመር

እስካሁን የተነገረው ስለ መንግሥት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በግል ድርጅት ለሚሠራው ሰው አስገዳጅ የጡረታ ሕግ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በመካከሉ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት በብዙ ሺህ ሰዎች የሥራ ታሪክ ውስጥ ክፍተት ሆኖ ይታያል።

ሕጉ ሲወጣ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸዋል። ምንም ያልነበራቸው ግን ቆጠራቸው የጀመረው ከዚያው ነው። በ2003 ዕድሜው 52 የነበረ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በግል ፋብሪካ ወይም ሆቴል የሠራ ሰው 60 ሲሞላው የተቆጠረለት 8 ዓመት ብቻ ነው። አሥር ዓመት ስላልሞላ ወርኃዊ አበል የለውም፤ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ይሰናበታል። በዚያው ድርጅት በዚያው ዓመት 45 የነበረችው ባልደረባው ግን 15 ዓመት ይቆጠርላታል፤ የአማካይ ደመወዟን 36.25 በመቶ ዕድሜ ልኳን ታገኛለች። በመካከላቸው ያለው የሰባት ዓመት የዕድሜ ልዩነት አንዱን ባለ ጡረታ፣ ሌላውን የልጆቹን እጅ የሚጠብቅ አዛውንት አድርጓቸዋል። በሙያው፣ በትጋቱ፣ በታማኝነቱ የሚያንስ ስለሆነ አይደለም።

በግሉ ዘርፍ ሌላም ጉዳይ አለ። መዋጮው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። አሠሪዎች ክፍያውን በቤት፣ በትራንስፖርት እና በሌላ አበል ከፋፍለው ሲያቀርቡት በወር የሚገባው ገንዘብ ይስባል፤ ለጡረታ የሚታሰበው ግን ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። የ30 ዓመት ሠራተኛ ይህን ልብ አይለውም። ልብ የሚለው በ58 ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚስተካከል ነገር የለም።

በመግቢያው በር

የጡረታ ዕድል የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቅጥር ነው። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል። ደመወዙ ለረጅም ዘመን የቆመ፣ የዲግሪ መነሻውም 500 ብር ቢሆንም፣ አገልግሎቱ ከ22 ወይም ከ23 ዓመቱ ይቆጠርለታል። ያ ትውልድ ሁሉ ዕድለኛ ነበር ማለት ግን ስህተት ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች የሥራ ዘመናቸው መሀሉ ላይ ተቆርጧል። አንድ ዘመን በአንድ በር የገባውን ሲያነሣ በሌላ በር የገባውን ጥሏል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከጥቂቶች ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆነ፤ የቅጥር በሩ ግን በዚያ ልክ አልሰፋም። ዲግሪ ይዘው የኮብልስቶን ድንጋይ የጠረቡ ወጣቶች የዚያ ዘመን መታወቂያ ናቸው። ለእነዚህ ወጣቶች ከ23 እስከ 33 ዓመት ያለው ጊዜ በጊዜያዊ ሥራ፣ በደላላ፣ መዋጮ በማይቆረጥበት ቅጥር ያልፋል። በ23 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 የሠራ ሰው 63.75 በመቶ ሲደርሰው፣ በ33 የተቀጠረው የሚያገኘው 51.25 በመቶ ነው።

በካናዳ በተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘበት ዓመት የተመረቁ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ገቢያቸው ወደ 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ እስኪጠፋም አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተመረቁት «የቅጥር የበረዶ ዘመን» ትውልድ ተብለው ይጠራሉ። ቋሚ ሥራ ሳያገኙ የቀሩት ዛሬ 50 ዓመት እያለፋቸው ነው፤ የጡረታቸው ማነስ ለአገሪቱ ትልቅ ስጋት ሆኗል።

አንድ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። የኛ የ36 ወራት ቀመር የመጀመሪያ ዓመታትን ዝቅተኛ ደመወዝ ይረሳል። በ500 ብር የጀመረው ሰው አበሉ በ500 ብር አልተሰላም፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያው መጠን ግን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ዕድል ሁሉን ነገር እንዲወስን ያደርጋል። ስኬሉ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ቢያድግ ጉዳቱ ቀላል ይሆን ነበር። ለዓመታት ቆሞ በአንድ ጊዜ ሲዘል ግን መዝለያው አፍ ላይ የቆሙትን ሰዎች በሁለት ይከፍላል። ስለዚህ የችግሩ ግማሽ በጡረታ ሕጉ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ደመወዝ በሚጨመርበት ልማድ ውስጥ ነው።

ከአገር ለወጡት

አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም በጠቅላላው 10 ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልገዋል። አበሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። የጥንቱ ደመወዝ ግን በጥንቱ ዶላር አይወሰድም፤ በአገሪቱ የደመወዝ ዕድገት ልክ ከፍ ተደርጎ ይታሰባል። በ25 ዓመቱ የገባ ሰው 35ቱን ይሞላል። በ50 ዓመቱ ገብቶ እስከ 65 የሠራው ግን ሃያው ዓመት ዜሮ ሆኖ ይቆጠርበታል። በኢትዮጵያ እና በአሜሪካ መካከል የአገልግሎት ዘመንን የሚያዳምር ስምምነት ስለሌለ፣ እዚህ የሠራው 9 ዓመት እዚያ ከሠራው 9 ዓመት ጋር አይደመርም።

በእስራኤል በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም ጡረታ ለሁሉም ተቀጣሪ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል በተካሄዱት የማጓጓዝ ዘመቻዎች በአርባዎቹ ዕድሜያቸው የገቡ ቤተ እስራኤላውያን አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ከዚያ በፊት ነው፤ ልጆቻቸው የሚያገኙትን ሽፋን ብዙዎቹ አላገኙም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ደግሞ በሁለቱም ወገን አይቆጠርላቸውም። አሥር ዓመት ሠርታ በ38 ዓመቷ የተመለሰች ሴት በጡረታ መዝገብ ላይ የሥራ ልምዷ ዜሮ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ጉዳዩ ሲነሣ ከአውሮፓ የተቀዳ ስጋት አብሮ ይሰማል፤ «አረጋውያን በዝተው ፈንዱን ይጨርሱታል» የሚል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ25 ዓመት በታች በመሆኑ የኛ ችግር ይህ አይደለም። የኛ ችግር ሽፋኑ ጠባብ መሆኑ እና የገንዘቡ ዋጋ መሸርሸሩ ነው። አርሶ አደሩ እና አብዛኛው የከተማ የግል ሥራ ሠሪ ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው፤ ለእነርሱ ሕጉ በፈቃደኝነት የመግባት በር ከመክፈት አላለፈም። የተጠራቀመው ገንዘብም ለረጅም ዘመን የተቀመጠው ወለዱ ከዋጋ ግሽበት በታች በነበረ የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው። በ2014 የወጡት አዋጆች የኢንቨስትመንት በሩን ሰፋ አድርገዋል፤ በ2017 የተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ምርጫ ይጨምራል። ሆኖም የሠራተኛ የዕድሜ ልክ ገንዘብ ላይ የሚወሰድ የንግድ ስጋት በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ትርፉ የጋራ ሆኖ ኪሳራው የባለ ጡረታው ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለ ቀመሩ የሚቀርቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የ36ቱን ወራት አማካይ ትቶ የመላውን የሥራ ዘመን አማካይ መውሰድ ነው። ይህ በመጨረሻው ሰዓት በተሰጠ የደረጃ ዕድገት አበል የሚያሳድጉትን ይገታል፤ ረጅም ዘመን በአንድ መደብ ለቆዩ መምህራን እና ነርሶችም ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን አሮጌውን ደመወዝ ወደ ዛሬው ዋጋ ሳይመልሱ አማካይ ማውጣት ጥፋት ይሆናል፤ በ500 ብር የተጀመረ የሥራ ዘመን አማካዩን መሬት ያስነካዋል። አሜሪካ የምታደርገው ዓይነት ማስተካከያ ከሌለ ይህን ሐሳብ መደገፍ አይቻልም።

ሁለተኛው እንደ ፕሮቪደንት ፈንድ ሁሉም በየስሙ ይጠራቀምለት የሚለው ነው። ሰው ገንዘቡን ስለሚያየው ያምነዋል፤ ሥራ ሲቀይርም አይጠፋበትም። የኋላው ዘመን ግሽበት ግን በስሙ የተቀመጠውንም ብር ይበላል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ሰው 85 ዓመት ቢኖር አብሮት አይኖርም። ረጅም ዕድሜን የሚሸፍነው ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ብቻ ነው።

ሦስተኛው አነስ ያለ፣ ግን ቶሎ ሊሠራ የሚችል ነው። የደመወዝ ስኬል በተሻሻለ ቁጥር፣ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ በአሮጌው ስኬል የተከፈሉት በአዲሱ እንደተከፈሉ ተቆጥረው አማካዩ ይውጣ፤ ቀድመው የወጡትም አበላቸው በዚያው መጠን ይከለስ የሚል ነው። ወጪ አለው፤ በአሮጌው ደመወዝ ላይ ከተሰበሰበው መዋጮ በላይ ስለሚከፈል ልዩነቱን ፈንዱ ወይም የመንግሥት በጀት ሊሸፍነው ይገባል። እንዲህም ሆኖ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን የሚደፋው ይኸኛው ነው፤ የሚጠይቀው አዲስ ሥርዓት ሳይሆን በአንዱ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ሰዎችን በአንድ ብር መስፈር ነውና።

የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ60 ከፍ የማድረግ ሐሳብም ከዚህ ጋር ይነሣል። ተቃዋሚዎቹ አዛውንቱ ካልለቀቀ ወጣቱ መደብ አያገኝም ይላሉ። በመላው ኢኮኖሚ ሲታይ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የሥራ ቁጥር የተወሰነ አይደለምና። የመደቦች ቁጥር በበጀት በተገደበበት መሥሪያ ቤት ግን ክርክሩ እውነት አለው። ዕድሜው ከፍ ቢል ደግሞ በቅድሚያ የሚጠቀሙት እስከ መስከረም 2021 በሥራ ላይ መቆየት የሚችሉት፣ 36ቱም ወራት በአዲሱ ስኬል የሚታሰቡላቸው ሰዎች ናቸው። በ2016 እና በ2017 የወጡት ያን ውሳኔም እንደ ደመወዝ ጭማሪው በሬዲዮ ይሰሙታል፤ አበላቸው ግን ካለበት አይነቃነቅም።